አንበሳውን የሣለችው እጅ

በወጣቶች ኅብረታችን የመጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ጀርባው በፕላስተር የተለጠፈ አንድ መጽሐፍ አለ። የሲ. ኤስ. ሉዊስ «አንበሳው፣ ጠንቋይዋና ቁም ሣጥኑ» ነው። እንግሊዝኛው የሚከብዳቸው ታናናሾቻችን ሳይቀሩ ይዋሱታል፤ ማንበቡ ባይሆንላቸው ሥዕሉን ያያሉ። በበረዶ መካከል ጃንጥላ ይዞ ከአንዲት ልጅ ጋር የሚሄደውን፣ ከወገቡ በታች ፍየል የሆነውን ፍጡር ያዩታል። ከሁለት ልጃገረዶች ጋር የሚቦርቀውን ትልቅ አንበሳ ያዩታል። ደራሲውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ስብከት ላይ ይጠቀሳል፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ላይ ይጠቀሳል። አንበሳውን ማን እንደ ሣለው ጠይቄ የመለሰልኝ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ጥያቄው የመጣው ከአንድ ወንድማችን ነው። ደብተሩ ሙሉ ዘንዶ፣ ክንፍ ያለው ፈረስና በደመና ላይ የተሠራ ከተማ ነው። «ቤት ውስጥ ‹የሌለ ነገር እየሣልህ እንጀራ አይበላም› ይሉኛል፤ እውነት አይበላም?» አለኝ። ስለ ባስልኤል ልነግረው አሰብሁና ተውሁት፤ የሰማው ነው። ይልቅስ የዚያን መጽሐፍ የርዕስ ገጽ ከፍቼ፣ ከሉዊስ ስም በታች በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን ስም አሳየሁት። ፓውሊን ቤይንስ ይላል። የሌለ ነገር እየሣለች ከስድሳ ዓመት በላይ የኖረች ሴት ናት። ታሪኳን በቃል የነገርሁት ቀን ቸኩዬ ነበርና እዚህ በወጉ ልጻፈው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፓውሊን በ1922 በእንግሊዝ አገር በደቡብ ባሕር ዳርቻ በምትገኘው ሆቭ ከተማ ተወለደች። አባቷ በቅኝ ግዛቷ ህንድ የመንግሥት ሹም ስለ ነበሩ ገና ሕፃን ሳለች ወደዚያው ተወሰደች፤ አፏን የፈታችውም ከህንዳዊት ሞግዚቷ ጋር ነው። አምስት ዓመት ሲሆናት እናቷ ታመሙና ሁለቱን ሴት ልጆቻቸውን ይዘው ወደ እንግሊዝ ተመለሱ። አባትየው እዚያው ቀሩ። ሞግዚቷም፣ ለማዳ ጦጣዋም ቀሩ። ልጅቱ በጉዞው ላይ እያለቀሰች እንቅልፍ ይወስዳት እንደ ነበር ካደገች በኋላ ታስታውስ ነበር። ያስገቧት በመነኮሳዪያት ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ደግሞ ቤት ውስጥ የተሰፋ ልብሷ፣ የህንድኛ ቋንቋዋና የማያርፈው ምናቧ መቀለጃና መቆጫ ሆኑባት። ሁለት አገር ያላት፣ በሁለቱም እንግዳ የሆነች ልጅ ነበረች ማለት ነው። ከእናንተ መካከል በልጅነቱ ከአንድ አገር ወደ ሌላ የተወሰደ ካለ ስሜቱን ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል።

ታላቅ እኅቷ አንጄላ ሠዓሊ ለመሆን ተነሣች፤ ፓውሊንም ተከተለቻት። በ15 ዓመቷ በፋርንሃም የሥዕል ትምህርት ቤት ገባች፤ ቀጥላም ስሌድ ወደሚባለው ስመ ጥር ትምህርት ቤት ተሻገረች። ከዚያ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። እርሷም ትምህርቷን ሳትጨርስ ከእኅቷ ጋር በፈቃደኝነት ለጦርነቱ አገልግሎት ወጣች።

እዚህ ላይ ቀስ ብለን እንሂድ፤ የሥራ ሕይወቷ የተተከለው ማንም ሥዕል ብሎ በማይጠራው ሥራ ላይ ነው። መጀመሪያ የተመደበችው ለጦር ሠራዊቱ መሐንዲሶች የማስመሰያ ሞዴሎች በሚሠሩበት ቦታ ነበር። ታንክና መድፍን ከጠላት አውሮፕላን ዓይን እንዴት መሰወር እንደሚቻል ለማስተማር ትንንሽ ሞዴል ይሠራል። ከ1942 ጀምሮ ደግሞ ባዝ ከተማ ወደሚገኘው የባሕር ኃይሉ የባሕር ካርታ ክፍል ተዛወረች። ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ የባሕር ዳርቻ መስመር መሣል፣ የጥልቀት ቁጥር መጻፍ፣ የቦታ ስም በደቃቅ ፊደል ማስፈር ነው ሥራው። እጅ ቢንቀጠቀጥ መርከብ ከዓለት ጋር ይጋጫል። ምናብ እዚህ አይፈለግም፤ ተፈላጊው ጥንቃቄ ነው። ሃያ ዓመት ለሞላት፣ ራሷን በተረት ዓለም ሠዓሊነት ለምታይ ልጅ፣ ቀኑ እንዴት ያለ ረጅም ይሆን ነበር!

ሆኖም ሁለት ነገር አተረፈችበት። ሞዴል በሚሠራበት ቦታ ካገኘቻቸው ባልደረቦቿ አንዱ ቤተሰቡ ማተሚያ ቤት ነበረውና የመጀመሪያ የልጆች መጽሐፍ ሥዕሎቿ በእርሱ በኩል ታተሙ። በካርታው ክፍል ደግሞ ንጹሕ መስመርና ካርታ የመሥራት ጥበብ ተማረች። የኋለኛው በምን ቀን እንደሚያስፈልጋት ያን ጊዜ ልታውቅ አትችልም ነበር።

ጦርነቱ ሲያልቅ እንጀራ ፍለጋው ቀጠለ። ጥቂት ጊዜ አስተማረች፤ ሥዕሎቿንም ወደ አሳታሚዎች መላክ ጀመረች። ለአንድ የለንደን አሳታሚ ከላከቻቸው መካከል በአሥራ አራተኛው መቶ ዓመት ከተጻፈ «የለትረል መዝሙረ ዳዊት» ከሚባል የእንግሊዝ የብራና መጽሐፍ ኅዳግ ላይ ተነሥታ የሠራቻቸው አስቂኝ ሥዕሎች ነበሩ። የብራና መጻሕፍቶቻችንን ሐረግ ያየ ሰው ኅዳግ ማለቴ ይገባዋል። የለትረሉ ሠዓሊዎች በመዝሙሩ ጽሑፍ ዙሪያ የሚያርስ ገበሬ፣ የሚታገል ፈረሰኛ፣ ራሱ የሰው እግሩ የአውሬ የሆነ ፍጡር ሞልተውበታል። ቅዱስ ቃሉ መካከል ላይ ነው፤ ሳቁና ምናቡ ዳር ዳሩን ይጫወታል። ፓውሊን ይህን ወደደችው። የአርተር ራክሃምንና የኤድመንድ ዱላክን የተረት ሥዕሎች እያየች ያደገች ናት፤ መምህሮቿ አድርጋ የያዘቻቸው ግን ስማቸው እንኳ ያልተመዘገበ የብራና ሠዓሊዎችን ነው።

በዚያው አሳታሚ ዘንድ አንድ የኦክስፎርድ ፕሮፌሰር ተቆጥቶ ተቀምጦ ነበር። ጄ. አር. አር. ቶልኪን ስለ አንድ ወፍራም ገበሬና ስለ አንድ ፈሪ ዘንዶ የጻፈው «የሃሙ ገበሬ ጃይልስ» ለኅትመት ሊበቃ ሲል፣ መጀመሪያ የተመረጠው ሠዓሊ ሥራ አላስደሰተውም። በ1948 የፓውሊንን የኅዳግ ሥዕሎች ሲያሳዩት ይኸው አለ። ሥራው በ1949 ሲወጣ፣ ሥዕሎቹ ከጽሑፉ ጎን የራሳቸውን ታሪክ እንደሚናገሩ ለአሳታሚው ጻፈ። ወዳጆቹ ድርሰቱን የሥዕሎቹ ማብራሪያ አደረጉት እያለም ይቀልድ ነበር። በቃላቱ እንዲህ ቀናተኛ ከሆነ ሰው ይህን ማግኘት ቀላል አይደለም።

የቶልኪን ወዳጅ ሉዊስ በዚያው ወቅት የልጆች መጽሐፍ ጽፎ ሠዓሊ ይፈልግ ነበር። እንዴት እንዳገኛት ሲነግራት አንድ መጽሐፍ መሸጫ ገብቶ «ልጆችንም እንስሳትንም መሣል የሚችል ማን አለ?» ብሎ ጠየቅሁ አላት። እውነት ይሁን ሊያስደስታት ብሎ እርሷም እርግጠኛ አልነበረችም፤ የወዳጁን መጽሐፍ ግን ሳያይ አልቀረም። «አንበሳው፣ ጠንቋይዋና ቁም ሣጥኑ» በ1950 ወጣ። ከዚያ እስከ 1956 በየዓመቱ አንድ አንድ እየተባለ ሰባቱም መጻሕፍት ታተሙ፤ ሰባቱንም የሣለችው እርሷ ናት።

አብዛኞቹ ሥዕሎች በብዕርና በጥቁር ቀለም የተሠሩ ናቸው። ይህ የጣዕም ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ከጦርነት በወጣች አገር ባለ ቀለም ኅትመት ውድ ነው፤ በመስመር ብቻ የተሠራ ሥዕል ግን ከፊደሉ ጋር በአንድ ገጽ፣ በአንድ ማተሚያ ይወጣል። የባሕር ካርታ ሲሥል የቆየ እጅ በትንሽ ቦታ ብዙ ነገር በጠራ መስመር ማስቀመጥ ያውቃልና ችግሩ ተመቻት። በአንድ መዳፍ በምታህል ባዶ ቦታ ላይ ጫካውን፣ በረዶውን፣ ሁለቱን መንገደኞች ታገባቸዋለች፤ የተረፈውንም ነጭ ትተወዋለች፤ በረዶው እርሱ ነው። የናርኒያን ካርታ የሠራችውም እርሷ ናት።

ከሉዊስ ጋር በአካል የተገናኙት ሁለት ጊዜ ያህል ብቻ ነው። አንዱ በለንደን ዋተርሉ ባቡር ጣቢያ ነበር፤ እርሱ ባቡሩ እንዳያመልጠው ሰዓቱን እያየ። ፓውሊን በዕለት ማስታወሻዋ ያሰፈረችው ሉዊስን ማግኘቷን፣ ወደ ቤት መመለሷንና ኬክ መጋገሯን ነው። ያቺን ማስታወሻ በጣም እወዳታለሁ። እኛ ዛሬ ትልቅ ታሪክ ብለን የምናየው ቀን ለእርሷ ሥራ የነበረበት አንድ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ነው።

ሉዊስ ሲጽፍላት ትሑት ነበር። ሁለተኛውን መጽሐፍ ሲጀምሩ፣ የልጆቹን መልክ እውነተኛ ለማድረግ ብላ እንዳላሳመረቻቸው እንደሚረዳ ገልጾ፣ አሁን ግን ትንሽ ቆንጆ ልታደርጋቸው ትችል እንደ ሆነ ጠየቃት። እርሷ ግን የምትችለውን ያህል አሳምራቸው ነበር! ይህን ራሷ እየሳቀች ትናገረው ነበር። ለሌሎች ሲጽፍ ደግሞ ሌላ ነገር ይል ነበር፤ የእንስሳት አካል አሠራር አታውቅም ብሎ ለደራሲዋ ለዶሮቲ ሴየርስ ጽፏል። ፊት ለፊት ያልነገራት ዓይን አፋር ስለ ሆነች፣ በሽተኛ እናቷንም ስለምታስታምም፣ እንዳይሰብራት ሠግቶ ነው። ከሞተ በኋላ ደብዳቤዎቹ ሲታተሙ ወቀሳው አደባባይ ወጣ።

በዚህ ጉዳይ ሉዊስን አላመሰግነውም። አንበሳው በአንዳንዱ ገጽ ላይ ከአራዊት ይልቅ የብራና ላይ አንበሳ እንደሚመስል እኔም አያለሁ። ያን ግን ለጓደኛ ከመጻፍ ለሠዓሊዋ በፍቅር መንገር ይቻል ነበር፤ የፈረስ እግር ማረም ለተማረች እጅ የሁለት ወር ሥራ ነው። እርሷን ያልሰበረ ዝምታ እርሷን አላሳደገምም። በመዘምራን፣ በድራማ፣ በጽሑፍ ቡድኖቻችን ውስጥ «እንዳይከፋት» እያልን ከጀርባ የምንናገረውን ብዛት ታውቁታላችሁ።

ፍትሐዊ ለመሆን ሌላውንም ልናገር። የመጨረሻው የናርኒያ መጽሐፍ የ1956ን የካርኔጊ ሜዳልያ ሲያገኝ ፓውሊን እንኳን ደስ አለህ ብላ ጻፈችለት። እርሱም ሸላሚዎቹ ሥዕሎቹንም አይተው ነውና ሽልማቱ የሁለታችን አይደለምን? ሲል መለሰላት።

ሌላም የምትናገረው ነገር አለ። አንበሳው አስላን ወደ ድንጋዩ ገበታ ሲሄድና ሲታሰር ያለውን ክፍል ስትሥል እንባዋ ይወርድ ነበር፤ ሆኖም አንበሳው ማንን እንደሚያሳስብ በዚያን ጊዜ አልገባትም። የገባት ኋላ ነው። እኛ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረን ምሥጢሩን ፈትተን ስለምናነብ ይህ ይደንቀናል። ሉዊስ ሲጽፍ ግን የፈለገው አንባቢው ስም ከመስማቱ በፊት አንበሳውን እንዲወድድ ነበር፤ ይህም መጀመሪያ የተፈጸመው በሠዓሊው ጠረጴዛ ላይ ነው።

እንግዲህ ወደ ወንድማችን ጥያቄ፣ ወደ እንጀራው። ለመጀመሪያው የናርኒያ መጽሐፍ የተከፈላት 100 ፓውንድ ነው፤ የአንድ ጊዜ ክፍያ። መጽሐፉ በተሸጠ ቁጥር ለደራሲው የሚታሰበው ድርሻ ለእርሷ በውሉ አልነበረም። ናርኒያ በሚሊዮን ቅጂ ሲሸጥ፣ ሥዕሎቿ በየአገሩ ሲባዙ፣ ያቺ 100 ፓውንድ እዚያው ቀረች። በዚያ ዘመን ለመጽሐፍ ሠዓሊ እንዲህ ያለ ውል የተለመደ ነበር፤ ማንም ያታለላት የለም። ግን ሃያ ሰባት ዓመት ገደማ የሆናት፣ ሥራ የምትፈልግ ሴት ውል ስትፈርም ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚሆነውን አታይም። ለመዝሙር ካሴት ሽፋን፣ ለመጽሐፍ ሽፋን፣ ለማስታወቂያ የምትሥሉ ልጆች ይህን አንቀጽ ሁለት ጊዜ አንብቡት። «ለጌታ ሥራ ነው» የተባለ ቀንም ውሉን ማንበብ ኃጢአት አይደለም።

ስለዚህ እንጀራዋ ከናርኒያ አልመጣም፤ ካለማቋረጥ ነው የመጣው። ከ100 በላይ መጻሕፍት ሣለች። ለመጽሔት ሣለች፣ ለገና ካርድ ሣለች፣ ለማስታወቂያም ሣለች። በመካከለኛው ዘመን ስለ ነበሩ ፈረሰኞች ሥርዓት ለተዘጋጀ መዝገበ ቃላት ወደ 600 የሚጠጉ ሥዕሎች ሠራች፤ ሁለት ዓመት ገደማ ፈጀባት። ጋሻውን፣ ጥሩሩን፣ የፈረሱን ልጓም እያጣራች የሠራችው ይህ መጽሐፍ ነው የ1968ን የኬት ግሪናዌይ ሜዳልያ፣ በእንግሊዝ ለልጆች መጽሐፍ ሠዓሊ የሚሰጠውን ትልቅ ሽልማት፣ ያስገኘላት። የተሸለመችው ስለ ናርኒያ አይደለም። የሌለውን ዓለም በደንብ መሣል የቻለችው የነበረውን ዓለም እንዲህ በትጋት ስላጠናች ነው ብዬ አምናለሁ፤ ዘንዶ ለመሣል እንሽላሊት ማየት ያስፈልጋልና።

ከቶልኪን ጋር ያላት ወዳጅነት የዕድሜ ሆነ። ሁለት ሌሎች መጻሕፍቱንም ሣለችለት። ለትልቁ ሥራው «ለቀለበቶቹ ጌታ» የመያዣ ሣጥን ሥዕል በታዘዘች ጊዜ ያን ሁሉ ገጽ ለማንበብ ጊዜ አልነበራትም፤ መጽሐፉን የምታውቀው እኅቷ አንጄላ ሰዎቹንና አገሩን በሥዕል አሳየቻት። ሥዕሉም በ1968 በአንድ ጥራዝ ለወጣው እትም ሽፋን ሆነ። ልጅ ሳለች እኅቷን ተከትላ ወደ ሥዕል የገባችው እጅ ዛሬም በእኅቷ ትመራ ነበር።

ከዚያ የባዝ ከተማዋ የካርታ ጠረጴዛ ዋጋዋን አገኘች። አሳታሚው የቶልኪንን ምናባዊ አገር ካርታ በትልቅ ወረቀት ለግድግዳ ማውጣት ፈለገ፤ ሠሪዋ ፓውሊን ሆነች። ቶልኪን ከመጽሐፉ የተገነጠለ ካርታ ላይ በእጁ ጽሑፍ ሞላላት። የትንንሾቹ ሰዎች መንደር ከኦክስፎርድ ጋር በአንድ ኬክሮስ ላይ እንደሆነ፣ ዝሆንና ግመል ለየትኛው የደቡብ ምድር እንደሚስማማ፣ የመርከቦቹ ሸራ ምን ቀለም እንደሆነ ጻፈላት። ለሌለ አገር ኬክሮስ! ለእርሷ ግን ይህ የሚያስቅ አልነበረም፤ ለባሕር ኃይል ካርታ የሠራ ሰው ኬክሮስ ሳይኖር አገር እንደማይሣል ያውቃል። ካርታው በ1970 ወጣ። ያቺ ቶልኪን የጻፈባት ቅዳጅ ወረቀት በራሷ መጽሐፍ ውስጥ ተሰክታ ቆይታ በ2015 ተገኘች። በ60,000 ፓውንድ ለሽያጭ ቀረበች፤ በቀጣዩ ዓመት የኦክስፎርዱ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ገዝቶ አስቀመጣት። መቶ ፓውንዷን እያስታወሳችሁ።

የቤት ሕይወቷን በአጭሩ ልበል። በ1961 ፍሪትዝ ጋሽን አገባች። በጦርነቱ በጀርመን ሠራዊት ውስጥ ተማርኮ በእንግሊዝ የቀረ ሰው ነው፤ የውሻ ሥጋ ሊያደርስ በሯን አንኳኩቶ ነው የተዋወቁት። እርሷ ከእርሱ ወገን ለመሰወር ሞዴል የሠራች፣ እርሱ በዚያው ወገን የተዋጋ! በሱሪ አውራጃ በምትገኝ ዶክንፊልድ በተባለች መንደር፣ በትንሽ ቤት ከውሾቻቸው ጋር ኖሩ። ልጅ አላደገላቸውም። ፍሪትዝ በ1988 በድንገት ዐረፈ። የበርሊን ግንብ ከፈረሰ በኋላ ደግሞ ፍሪትዝ ቀድሞ በጀርመን የወለዳት ልጁ ፓውሊንን ፈልጋ አገኘቻት፤ በእርጅናዋም ቤተሰብ ሆነችላት።

በሰማንያዎቹና በዘጠናዎቹ ዓመታት በቀለም ብዙ ሠራች። የኖኅን መርከብ ሣለች፤ የሦስቱን ብላቴኖች መዝሙር ሣለች፤ ከየአገሩ የተሰበሰቡ የልጆች ጸሎቶችን ሣለች። በነዚህ ላይ እንስሳቱን ስታዩ ሉዊስ ያን ደብዳቤ ባይጽፍ ይሻለው እንደ ነበር ይገባችኋል።

በ1998 ሉዊስ የተወለደበት መቶኛ ዓመት ሲከበር አሳታሚው የናርኒያን መጻሕፍት ሥዕሎቻቸው ቀለም ገብቶባቸው ሊያወጣ ወሰነ። ሥራው ለሌላ አልተሰጠም። ሰባ አምስት ዓመት አልፏት የነበረችው ሴት በሃያ ሰባት ዓመቷ የሣለቻቸውን ጥቁር መስመሮች በፊቷ ዘረጋች፤ ያልተዋቡትን ልጆች፣ አካሉ ያልተስተካከለውን አንበሳ፣ በበረዶ መካከል የቆመውን ፋኖስ። ከዚያም በውኃ ቀለም አንድ በአንድ መቀባት ጀመረች። ሌላ ዐሥር ዓመት ሠርታ በ2008 በ85 ዓመቷ ዐረፈች።

የኛው የተለጠፈ መጽሐፍ ግን ጥቁርና ነጩ ነው። ወንድማችን ተውሶታል፤ እስካሁን አልመለሰም።